«ከአጥር ውጭ ያለው እኛን አይመለከትም»

የ9ኛ ክፍል እናት፦ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን የወላጆች ስብሰባ ነበረን። አንድ ልጅ ከክፍል እንደወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተደብድቦ ስልኩን ተቀምቷል። ምን ታደርጋላችሁ ስንል የተሰጠን መልስ «ከአጥር ውጭ ያለው እኛን አይመለከትም» የሚል ነው። ዩኒፎርም ለብሶ የቆመ ልጅ የማን ነው ታዲያ?

መምህር ነኝ፦ እህቴ፣ ያለን ጥበቃ ሁለት አዛውንት ናቸው። በር ላይ እንፈትሻለን፣ ሰንጢ ስናገኝ እንቀማለን። ከዚያ ወዲያ ያለው የፖሊስ ሥራ ነው።

አንጋፋው፦ ነገሩ የከፋው አርጩሜ ከቀረ ወዲህ ነው። እኛ መምህር ሲመጣ መንገድ እንለቅ ነበር።

የ9ኛ ክፍል እናት፦ ጋሼ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ከልክሏል። ደግሞስ አርጩሜው የሚያርፈው በተዘረፈው ልጅ ላይ ነው፤ ዘራፊው ክፍል ውስጥ የለም።

የጠባሴ ልጅ፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አሁን ከየቦታው የመጣ ሰው በዝቷል።

ከአጣዬ፦ «ከየቦታው የመጣ» ያልከው እኔን ነው? አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ልጆቼን ይዤ የገባሁ ነኝ። የኔም ልጅ በዚያው በር ነው የሚወጣው።

የጠባሴ ልጅ፦ አንተን አላልኩም።

ከአጣዬ፦ ማንን ነው ታዲያ?

መምህር ነኝ፦ ተዉ እንጂ። ጠብ ድሮም ነበር፤ ያኔ ተማሪ የሚቀማው ስልክ አልነበረውም።

የመንዝ ልጅ፦ «ከአጥር ውጭ» የምትሉት የኛ ኑሮ ነው። መሐል ሜዳ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን ተማርን። እሑድ ማታ በሶና ዳቧችንን ተሸክመን እንገባለን። ግድግዳችን ከአረቄ ቤት ጋር የተያያዘ ነበር። በሩ መቀርቀሪያ ስላልነበረው ከውስጥ መጅ እያስደገፍን እንተኛለን። እህቴ 10ኛን ያቋረጠችው በዚያ በር ምክንያት ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እዚህ ግን ደብተሩን ጉያው ሸጉጦ አረቄ ቤት የሚገባ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚጠይቅ የለም።

የ9ኛ ክፍል እናት፦ ሰኞ አቤቱታ አስገባለሁ፤ በመውጫ ሰዓት ፖሊስ በሩ ላይ ይቁምልን ብዬ። የምትፈርሙ ኑ።

የመንዝ ልጅ፦ የተከራይ ልጆችም ጉዳይ ይጻፍበት።

የ9ኛ ክፍል እናት፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው ወንድሜ። እኛ የምንጠይቀው ስለ በሩ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ይኸው፣ አንቺም ከአጥር ውጭ አደረግሽን።