የሸክላ መጥበሻዬ እሳት አስቸግሮኛል፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፤ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። የጣና ዓሣ በከሰል ጠብሼ እሸጣለሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ያመጣልኝ፣ እንቁላል የሚመስል ባለ ክዳን የሸክላ መጥበሻ አለኝ። ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ በጣም እወደዋለሁ።

ችግሬ ከሰሉ የሚያርፍበት ብረት ነው። አብሮት የመጣው ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ያሉት ወፍራም ብረት ነው። ከአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚመጣው የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል ደግሞ ጆንያው ሲጋመስ ደቃቁ ይበዛል። ደቃቁ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ የታችኛውን በር ወለል አድርጌ ብከፍተውም ፍሙ ይደክማል። ባለፈው ዓሣው ቆዳው ሳይደርቅ በእንፋሎት ብቻ በስሎ፣ ደንበኛዬ ሳህኑን ሳይነካ መለሰልኝ። በጣም አዘንኩ።

ከዚያ ብየዳ ቤት ሄጄ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በጣት ስፋት አስደርድሬ ሌላ ፍርግርግ አሠራሁ። እሳቱስ ወዲያው ተንቦገቦገ! ግን ትንንሹ ፍም እየሾለከ አመድ ማጠራቀሚያውን ይሞላል፣ አየር ማስገቢያውን ይዘጋል። ሙቀቱም አንዴ ከሚፈለገው ካለፈ በሩን ባጠበውም ቶሎ አይመለስም፤ ሸክላ ከጋለ ቶሎ አይበርድማ።

ክፍተቱን ምን ያህል ላጥብበው? ወይስ ከሰሉን ነፍቼ ትልልቁን ከታች ብደረድር የድሮው ብረት ይበቃኛል? ብረት ሲግል ስለሚሰፋ፣ ሸክላውን እንዳይሰነጥቀው ከግድግዳው ምን ያህል ላርቀው? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ብየዳ ቤት የምመለሰው ቅዳሜ ነው።