የኩባያ ልኬትን ወደ ግራም ስለመለወጥ እርዳታ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ኬክ ጋግሬ የምሸጥ ስሆን፣ የምከተለው የአሠራር መመሪያ ሁሉንም ነገር በኩባያ ስለሚለካ ወደ ግራም ለመለወጥ ተቸግሬአለሁ። 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘው የአሜሪካ ኩባያ በስኳር ሲሞላ 200፣ በማር ሲሞላ 340 ግራም ያህል እንደሚመዝን አውቃለሁ፤ በእነዚህ ችግር የለብኝም። ያስቸገረኝ የስንዴ ዱቄት ነው፦ ተነፍቶ በማንኪያ ቀስ እየተባለ ሲሞላ ወደ 120 ግራም የሚመዝነው ኩባያ፣ በቀጥታ ከጆንያው ሲዛቅበት 150 ሊደርስ ይችላል፤ መመሪያው ግን የትኛውን እንደሚል አይገልጽም። ወፍጮ ቤት የማስፈጨው ዱቄት ደግሞ ከፋብሪካው ስለሚሻክርና ውሃም በብዛት ስለሚጠጣ (ጣዕሙን ግን እመርጠዋለሁ)፣ ለእርሱም 120ን ልያዝ ወይስ ለብቻው ልመዝነው? በእንዲህ ያለው ዱቄት የጋገራችሁ ባለሙያዎች፣ የምትጠቀሙበትን የግራም መጠንና የምትጨምሩትን ውሃ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።