ከጉዳት በኋላ ወደ ሩጫ ለምትመለሱ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የት፣ በማን እጅ፣ በምን ጫማ፣ በስንት ፔስ? (ጥቆማ)

የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ሽያጭ በተቃረበ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ተጎድቼ አቋርጬ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል፤ የት ልሩጥ? በስንት ፔስ ልጀምር?» (ፔስ ማለት አንዱን ኪሎ ሜትር የምትጨርሱበት ደቂቃ ነው።) እኔ የተመለስኩት ከተረከዝ ጅማት (አኪለስ) ጉዳት ነው። ባታችሁን፣ ቅልጥማችሁን ወይም ጉልበታችሁን ለታመማችሁም አብዛኛው ያገለግላችኋል። የአጥንት ስንጥቅ የነበረባችሁ ግን ሐኪም ሳይፈቅድላችሁ ከዚህ አንዱንም አትጀምሩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ትንፋሽ ከጅማት ቀድሞ ይመለሳል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይነቃሉ፤ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። «ዛሬስ ቀለል አለኝ» ብላችሁ የምትፈተለኩበት ቀን ጅማቱ ገና ያልደረሰበት ቀን ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቀስ እንድል ይረዳኛል ወይስ ያጣድፈኛል?

ቦታን በተመለከተ የመጀመሪያ ምርጫዬ ጃን ሜዳ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ መሬቱ ለስላሳ ነው። ሲያማችሁ ወዲያው አቁማችሁ በእግር ትመለሳላችሁ፤ መሀል መንገድ ላይ ታክሲ ፍለጋ የለም። በኮሮና ጊዜ የአትክልት ገበያ ሆኖ ከርሞ ስለነበር ሜዳው መጎዳቱ ብዙዎቻችንን አሳዝኖን ነበር፤ ዛሬም ጎርበጥ የሚል ቦታ ስላለው ቁርጭምጭሚታችሁ የላላባችሁ እያያችሁ ርገጡ። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። ጠዋት የቡድን ልምምድ የሚሠሩ አትሌቶች አሉ፤ እነሱን ተከትሎ መግባት በጣም ያጓጓል፣ ግን የእነሱ ሶምሶማ የእናንተ ውድድር ነው።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሁሉም ወደዚያ ይወጣል። አየሩና ባሕር ዛፉ መንፈስ ያድሳል፤ ለመመለሻ ግን አልመክረውም። ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዳገቱ ባትና አኪለስን ይስባል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ጉልበትን ይቀጠቅጣል። በእግር ለመሄድ ውጡ። ሩጫውን 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ሜዳ ላይ ከጨረሳችሁ በኋላ አምጡት። ሱሉልታም ከአዲስ አበባ ከፍ ያለ ነው፤ ሜዳው ግን ገር ነው፣ መኪና ላለው ጥሩ ነው። የቀነኒሳ ትራክም እዚያ ነው። ትራክ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሁልጊዜ ወደ ግራ መታጠፍ አንዱን እግር ስለሚጫን ጎን ለጎን ባለ ሣር ወይም አቧራማ መንገድ አቀያይሩት።

የኮሪደር ልማቱ ያመጣቸው ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች መብራት አላቸው፣ ደልዳላ ናቸው፣ ማታ ከሥራ በኋላ ለሚሮጥ ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው። ንጣፉ ግን ጠንካራ ነው፣ ዝናብ ሲነካውም ያንሸራትታል። ቅልጥማችሁን ለታመማችሁ የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት። መንገድ ለሰው በሚካሄድባቸው እሑዶች አስፋልቱ መሀል መሮጥ ከጠርዙ ይሻላል፤ ጠርዙ ለውኃ መውረጃ ዘመም ስለሚል አንዱን እግር ያሳጠረ ያህል ያደርገዋል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚዘለውን ዝላይ ለጊዜው ለሌሎች ተዉላቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ለምትወጡ ደግሞ የውሻው ነገር አለ፤ ውሻ ካባረራችሁ ፔስ የሚባል ነገር አይኖርም። እስኪነጋ ጠብቁ።

ጂም ያላችሁ ትሬድሚልን አትናቁ። ፍጥነቱን አንዴ ከሞላችሁት ከዚያ አያልፍም፤ ለሚቸኩል ሰው ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ማለት በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ጀምሩ።

ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒስት? ወጌሻን የማከብረው ሰው ነኝ፤ የደከመና የተኮማተረ ጡንቻን የሚያፍታታ እጅ ያላቸው አሉ። ግን አጥንታችሁ ላይ በአንድ ጣት ተጭናችሁ «እዚህ ጋ» የምትሉት ሕመም ካለ፣ ወይም በአንድ እግር ስትዘሉ ከወጋችሁ፣ መታሸት የለም፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ እንደሚችልም እወቁ፣ «ራጁ ንጹህ ነው» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ ጠይቁ። ጥቁር አንበሳን የመሳሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አላቸው፤ ክፍያው ይቀንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል። የግሎቹ ቶሎ ያዩዋችኋል፣ ዋጋቸውም በየምልልሱ ይጨምራል። የምለያቸው በሕንፃቸው አይደለም። ጥሩ ባለሙያ በአንድ እግራችሁ ቆማችሁ ተረከዛችሁን እንድታነሱ ያደርጋል፣ ሁለቱን እግር ያወዳድራል፣ ስትራመዱና ስትሮጡ ያያል፣ ቤት የምትሠሩትን ሰጥቶ ይሸኛችኋል። በየምልልሱ ማሽን ብቻ አድርጎላችሁ «ቅዳሜ ተመለሱ» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ለአኪለስ የጠቀመኝ እንቅስቃሴ ምንም ዋጋ የለውም። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣታችሁ ቆማችሁ፣ ተረከዛችሁን ቀስ ብላችሁ ከደረጃው በታች ታወርዳላችሁ፤ በጤነኛው እግር ተነስታችሁ በታመመው ትወርዳላችሁ። የተለመደው መጠን 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት ነው። አሰልቺ ነው። ይሠራል።

ስለ ጫማ፦ ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮችና መርካቶ ብዙ ምርጫ አላቸው፣ ኮፒውም እዚያው ነው። ከስፖንሰር የሚያገኙትን ትርፍ ጫማ የሚሸጡ አትሌቶች ስላሉ ኦርጅናል ለማግኘት የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ያዋጣል። ግን ከእነሱ እጅ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሶሉ ውስጥ ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ያለበት የውድድር ጫማ ነው፤ ገና ላላገገመ እግር አይሆንም። የተረከዝህ ጅማት ነው ያመመህ? ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያሳርፍሃል፤ ናይኪ ፔጋሰስ ከኋላ ከፊቱ በ10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጣል፣ ሆካ ክሊፍተን ግን በብዙዎቹ እትሞቹ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ምንም ያህል ወፍራም ቢመስል። ቦንዳ ስትገዙ ሶሉን አትመልከቱ ብቻ፣ መሀሉን ስፖንጅ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ የተጨማደደና የደነደነ ከሆነ ታጥቦ ቢያበራም አልቋል። አንድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚያገለግለው።

ፔስ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰንጠረዥ አብዛኛው ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ስለዚህ በዚያው ድካም ፔሳችን ይዘገያል። እንደ ጋርሚን ያለ የሩጫ ሰዓት ላለው ጥሩ ነው፣ ለሌለው ስልክ ላይ ስትራቫ የሚባለው መተግበሪያ በነፃ ይበቃል፤ ሁለቱም ግን ዛፍ ሥር ቅጽበታዊ ፔሱን ያዘባርቁታል፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚለካው የልብ ምትም ሁልጊዜ አይታመንም። የኔ መለኪያ ንግግር ነው። ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር ሳትቆራርጡ አውሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ወይም ፋቲሐን ድምፅ አውጥታችሁ በሉ፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። በቁጥር ከፈለጋችሁ፣ ድሮ ቀላል ሩጫችሁ 5:30 ከነበረ አሁን ከ6:30 እስከ 7:00 ያዙ፤ ትራክ ላይ አንዱ ዙር ከ2:36 እስከ 2:48 ማለት ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። መጀመሪያ የሩጫውን ደቂቃ ጨምሩ፤ ፍጥነት መጨረሻ ይመጣል። ሕመሙን ከአሥር ብትመዝኑት፣ እስከ ሦስት የሚደርሰውን ትታገሡታላችሁ፤ ፍርዱ ግን በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ የምትረግጡት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከትናንቱ በላይ ከያዛችሁ ወደ ቀደመው ሳምንት ተመለሱ።

«ለህዳር እደርሳለሁ ወይ?» ለምትሉ፦ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ አኪለሱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ በቀጣዩ ዓመት ኤድመንተን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ ለዓመታት ያልተሸነፈበት ርቀት ላይ። እሱን የመሰለ ሰው ያንን ያህል ጊዜ ከፈለገ እኛም እንታገሥ። ታላቁ ሩጫ ላይ ሕዝቡ ስለሚጨፍርና ስለሚራመድ መራመድ አያሳፍርም፤ ግን ግፊያው የራስን ፔስ ያስጥላል። ከኋላ ተነሱ፣ ዳገቱን ተራመዱ፣ ሰዓት አትያዙ።

በመገናኛ፣ በሲኤምሲና በአያት በኩል ለስላሳ ሜዳ የምታውቁ ከታች ጻፉልን፤ እኔ በደንብ የማውቀው ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ያለውን ነው።