ደህና ሆኜ የጻፍኩት ስታመም ይነበብልኝ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ በተነጋገርነው መሠረት የረቂቁ መነሻ ይኸውላችሁ። ለቡታጅራ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ነው። ብዙ ነገር መጠየቅ እንችላለን። እኔ ግን በአንድ ነገር ላይ እንጽና ባይ ነኝ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደህና በሆነ ጊዜ የራሱን የእንክብካቤ ዕቅድ ይጻፍ። ዕቅዱ ጤና ጣቢያ ካለው ካርዱ ጋር ይያያዝ። ሲታመም ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱ ይነበብ።

መግቢያው ለጊዜው እንዲህ ይላል፦ «በአካባቢያችን ስለ አእምሮ ሕመም ጥናት ሲካሄድ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሕክምናውን እዚያው ሰጥተዋል። እኛ ታካሚዎችና ቤተሰቦች የምንጠይቀው፣ በሕክምናው ውስጥ የራሳችን ቃልም እንዲኖር ነው።»

አስተያየት እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ። እባካችሁ «ጥሩ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት።

አንድ ታካሚ አባል፦
መግቢያው ደህና ነው። ግን «የራሳችን ቃል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ላይገባው ይችላል። የኔን ልንገራችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ሲያገረሽብኝ ወንድሜና ሦስት የሰፈር ልጆች በገመድ አስረው መኪና ላይ ጫኑኝ። በክፋት አልነበረም። ወንድሜ እያለቀሰ ነበር የሚያስረኝ። የወሰዱኝ ቦታ መርፌ ተወጋሁ። ያው መርፌ ከዚያ በፊት አንገቴን አጣሞብኝ፣ ምላሴን አስሮብኝ ያውቃል። «ይሄ አይስማማኝም» እያልኩ ጮህኩ። የታመመ ሰው ጩኸት ነው ተብሎ ታለፈ። ሁለት ቀን አንገቴ ተጠማዞ ተኛሁ።

ያኔ አንዲት ወረቀት ብትኖረኝ ኖሮ! ደህና ሆኜ፣ በራሴ እጅ፣ «ይህ መርፌ አንገቴን ያጣምመዋል» ብዬ የጻፍኩባት። ጩኸቴን ያላመነ ሰው ወረቀቱን ያምን ነበር። ረቂቁ ላይ ይህ ይግባልኝ። የኔ ስም አያስፈልግም።

ነርስ አባል፦
ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን በጣም አመሰግናለሁ። የነገርከን ነገር በሕክምናው የታወቀ ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ የጡንቻ መኮማተር ያመጣሉ። ማስታገሻ አለው። ቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ሌላ መድኃኒት መምረጥ ይቻላል። አንድ መስመር ጽሑፍ ያን ሁሉ ስቃይ ታስቀር ነበር።

ከሥራዬ አንጻር ልጨምር። ዕቅዱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ተራው ረጅም በሆነበት ቀን ሦስት ገጽ የሚያነብ ባለሙያ የለም። ከላይ መጀመር ያለበት «መታመም ስጀምር የሚታዩብኝ ምልክቶች» የሚለው ነው። ምልክቱ ሰው በሰው ይለያያል። አንዱ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው ዝም ይላል፣ ወይም ገንዘቡን ይበትናል። ቤተሰብ ምልክቱን አስቀድሞ ካወቀ ገመድ ሳይታሰብ ጤና ጣቢያ መድረስ ይቻላል። ከዚያ የሚስማማውና የማይስማማው መድኃኒት፣ ቀጥሎ ማን ይጠራ የሚለው ይምጣ። መጻፍ ለማይችል ሰው ይጻፍለትና ተነብቦለት በጣት አሻራ ይፈርም።

አንዲት እናት፦
ልጆቼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ፍርሃቴን ልናገር። ልጄ ሲታመም «አልታመምኩም» ነው የሚለው። መድኃኒቱን ይተፋል። በዚያ ሰዓት ወረቀቱን ቀድዶ ቢጥለውስ? ወይም «ዕቅዴ ውስጥ ሕክምና አልፈልግም ብያለሁ» ብሎ ቢከራከረኝስ? እኔ ነኝ ሌሊት ሙሉ በሩን ይዤ የምቀመጠው። የታካሚው መብት ሲባል የእናት እንቅልፍም ይታሰብ።

ሌላው ጸበል ነው። ልጄን ጸበል ወስጄዋለሁ፣ ወደፊትም እወስደዋለሁ። ረቂቁ ላይ ስለ ጸበል ምንም የለም። ካልተጻፈ ሰው በድብቅ ይሄዳል፣ ክኒኑንም እዚያው ያቋርጣል።

ጸሐፊዋ፦
እማማ፣ ልክ ነዎት። የመጀመሪያውን እንዲህ ብንፈታውስ? ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ ታካሚው ጋ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ታካሚው ራሱ የመረጠው ሰው ጋ። ቢቀደድ ሁለቱ ይቀራሉ። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ባለሙያው ከዕቅዱ ሊወጣ ይችላል። ግን ለምን እንደወጣ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ታካሚው ሲሻለውም ተቀምጦ ያስረዳው። ሲስተር፣ ይህ ያስኬዳል?

ነርስ አባል፦
ያስኬዳል። የሕግ መሠረትም አለው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአእምሮ ሕመምም እዚያ ውስጥ አለ። አንቀጽ 12 ማንም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑንና ለመወሰን ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ዕቅዱ አንዱ የድጋፍ መንገድ ነው ብንል አንሳሳትም። ረቂቁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ የሕግ ትምህርት አናድርገው።

የጸበሉን ነገር እኔም እደግፋለሁ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ያው መንገድ ይሠራል። ዕቅዱ ላይ «ጸበል ስሄድ ክኒኔን ይዤ ነው፣ የሚሰጠኝም እገሌ ነው» የሚል መስመር ይኑር።

ሌላ አባል፦
አሰላሙ አለይኩም። እኛም ጋ ዱዓና ቁርኣን አለ፣ እሱም ይግባ። ከዚያ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ረመዳን ነው። ባለቤቴ ሊትየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት ነው የምትወስደው። መጾም ትፈልጋለች፣ እኔም ልከለክላት አልፈልግም። ሲስተር፣ እንዲህ ያለው ነገር ዕቅድ ላይ ይጻፋል?

ነርስ አባል፦
ወዓለይኩሙ ሰላም። በደንብ ይጻፋል እንጂ! ሊትየም ውኃ ሲያጥረን ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል፣ ሊመርዝም ይችላል። ብዙ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲኖርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ደሟ ይለካ። በራሷ ማቋረጥም፣ ሰዓቱን በራሷ መቀየርም የለባትም። ዕቅዱ ላይ «ከጾም በፊት ሐኪሜን አማክራለሁ» ብትል በየዓመቱ አይረሳም። ለሁዳዴ ጿሚዎችም ይሠራል።

የእድሩ ዳኛ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እድራችን የሚከፍለው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ለቀስተኛ የሚያበላ ድስት አለን። በሕይወት ያለ ሰው ታሞ ሲጨነቅ ግን የምናዋጣው የለም። ይህ ለእኔ ያሳፍራል። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው አለ። ዕቅድ ያለው አባል ሲታመም የባጃጅና የአስታማሚ ወጪ ከእድሩ ይሸፈን። አራተኛውንም ቅጂ እድሩ ይያዝ።

ታካሚው አባል፦
ጋሼ፣ የባጃጁን ሐሳብ እጅ ነስቼ እቀበላለሁ። ቅጂውን ግን ይተዉልኝ። እድር ቤት ወረቀት ከገባ ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል። የምሰማውን ድምፅ፣ የምፈራውን ሰው፣ ሁሉን ነው የምጽፈው። ነገ ለልጄ ጋብቻ ሲጠየቅ ያ ወረቀት ይመዘዛል።

የእድሩ ዳኛ፦
እውነትህን ነው ልጄ። አላሰብኩትም። እድሩ ወረቀት አይያዝ። «ዕቅድ አለው» የሚለውንና የሚጠራውን ሰው ስልክ ብቻ እኔ እይዛለሁ፣ እሱንም ፈቃድህ ሲሆን። ሌላም እጨምራለሁ። የእድራችን አባል በገመድ እንዳይታሰር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስገባለሁ። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የመረጠው ሰው ይጠራ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይደወል።

አንዲት እናት፦
ይህ እውነት ከሆነ እኔ ቡና አፍልቼ ደንቡን ራሴ አነባለሁ።

ጸሐፊዋ፦
እስካሁን የተስማማንበትን ወደ ረቂቁ አስገብቻለሁ። አንድ ማስረጃም ጨምሬያለሁ። በሶዶ አካባቢ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 166 ሰዎች ጋር የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የደገፏቸው ሰዎች የጤና ተቋም ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ዕለታዊ ኑሯቸው ተሻሽሏል። ዕቅዱን አብሮ የሚጽፍ ሰው ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ያሳያል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ሲመጡ ዕቅዱን እንዲያግዙ እንጠይቃለን።

አንድ ነገር አልተቋጨም። መድኃኒት ጤና ጣቢያ ሲያልቅ ምን እናድርግ? «አለቀ» ተብሎ ለተመለሰ ሰው የዓለም ምርጥ ዕቅድ ምን ይሠራለታል? እኔ መድኃኒታቸውን በየወሩ በመርፌ የሚወጉ ሰዎችን ቁጥር ጤና ጣቢያው አስቀድሞ ያሳውቅ የሚል ጽፌያለሁ። ሲስተር፣ አስተካክይልኝ።

ነርስ አባል፦
ቁጥሩን እኛው መቁጠር እንችላለን። ስም ሳንጠራ፣ ከአባሎቻችን ስንቱ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ ጽፈን እናያይዝ። ፋርማሲው ጥያቄውን ሲልክ በእጁ የያዘው ነገር ይኖረዋል። ቅዳሜ እቤቴ ኑ፣ ዝርዝሩን አብረን እንሥራ።

ታካሚው አባል፦
የኔን ዕቅድ ዛሬ ማታ ጻፍኩት። ገጹ አልሞላም። ምልክቴ፦ ሦስት ሌሊት ካልተኛሁና ሬዲዮው ስለ እኔ ያወራል ካልኩ ታምሜያለሁ። የሚጠራው ሰው፦ ታናሽ እህቴ፣ ወንድሜ አይደለም። እሱን ለሌላ ነገር ጥሩልኝ፣ በጎቼን እንዲያይ። የማይስማማኝ መርፌ ስሙ አለ። ሲያዩኝ ቀስ ብለው ያናግሩኝ፣ በስሜ ይጥሩኝ፣ በሩን አይዝጉ። እህቴ ፈርማበታለች። ወንድሜም አንብቦት ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ በጎቹን እሺ አለ።

ለናሙና አያይዙት። ስሜን ብቻ አውጡልኝ።