«ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንል ምኑ ነው የፈሰሰው?

የታቦር ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ ላስጸዳ ቆሜ፣ አንዱ ልጅ ሌላውን «ኧረ ሐሞቱን እንዳታፈሰው!» ብሎ ጮኸበት። ከፈነዳ ሥጋው ይመራል። እኛ ግን «ሐሞቱ ፈሰሰ» የምንለው ወኔ ለከዳው ሰው ነው። መራራው ከወጣለት ሰውየው መጣፈጥ አልነበረበትም?

ነርሷ፦ ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ቅባት ሲበላ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይለቀቅና ቅባቱን ይበታትነዋል። አማርኛችን ግን ፈሳሹንም ከረጢቱንም «ሐሞት» ብሎ ይጠቀልለዋል። ስለ ወኔው እናንተ ተከራከሩ።

ቃል ለቃሚ፦ ወንድሜ፣ እንደ እኔ ቁም ነገሩ መምረሩ ላይ ነው። «ሐሞተ ኮስታራ» የምንለው የማይበገረውን፣ የማይላመጠውን ሰው ነው። ምሬቱ ከፈሰሰ የሚቀረው ልፍስፍስ ነው፤ «ሐሞተ ቢስ» ይባላል። ለዓሣ የሚጎዳው ለሰው ጌጥ ሆነ ማለት ነው። መላ ምቴ ነው እንግዲህ፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

የታቦር ልጅ፦ ይሁን። «ቆሽቴ አረረ»ስ? ቆሽት የቱ ነው?

ነርሷ፦ እሱማ እኛንም ያጣላናል። ስለ ስኳር በሽታ ሲጻፍ አንዱ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን «ቆሽት» ይለዋል፣ ሌላው «ጣፊያ»። እኔ ቆሽት የምለው ከጨጓራ ኋላ ያለውን ነው፤ ኢንሱሊንም ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽም ከእሱ ይመነጫል። ጣፊያን በግራ ጎድን ሥር ላለው፣ ያረጀ ደም ለሚያጣራው እተወዋለሁ። «ቆሽቴ አረረ» ብሎ ለመጣ ሰው ግን ስኳር አልለካም፣ ማን እንዳናደደው ነው የምጠይቀው።

ጋሽ አንባቢ፦ ልጄ፣ «ጨጓራ አለብኝ» የሚልሽንስ ምን ትይዋለሽ? የሌለበት ማን አለ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እሱን መዋጋት ትቻለሁ። የአካሉ ስም የበሽታው ስም ሆኗል። የሚያስቸግረኝ «ሆዴን» የሚለው ነው። ጨጓራው ይሁን፣ አንጀቱ ይሁን፣ ወይስ ሆድ ብሶት ነው? እጄን ጭኜ «የቱ ጋ?» እላለሁ። አንድ እናት «እዚህ አይደለም ልጄ፣ ልጄ ከሄደ ወዲህ ነው» ብለውኛል።

ቃል ለቃሚ፦ አንጀት የሚበላ ነገር ነው ያመጣሽው። ልብ ካላችሁ ግን፣ ብዙዎቹ ስሞች የታረደ በግ ሲገለበጥ የተለመዱ ናቸው። ጨጓራ፣ ጉበት፣ አንጀት፦ ዱለት የከተፈ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሽንፍላን ብቻ ከሰው ሆድ አታገኙትም፤ የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ሆኖም ቢመክሩት ቢዘክሩት የማይሻሻለውን ሰው «እንደ ሽንፍላ፣ ቢያጥቡት አይጠራ» እንለዋለን፤ ቅጠል በቅጠል ላይ የተደረበ ስለሆነ እጥፋቱን አጥቦ የሚጨርስ የለም።

የታቦር ልጅ፦ «ትርፍ አንጀት»ንስ ማን ትርፍ አለው?

ነርሷ፦ ሐኪሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሲታመም ግን ማንም ትርፍ ነው አይለውም። ቆሮሶውስ?

የታቦር ልጅ፦ መረረ።