የ4 ዓመት ልጄ ዳሌዋ ከተፈጥሮ የወለቀ ነው ተባልኩ፣ ኦፕራሲዮን ያሰራችሁ ካላችሁ እርዱኝ

የሜሪ እናት (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ መራመድ ከጀመረች ጀምሮ ግራ እግሯን ታነክሳለች፣ አሞኝ ብላ አታውቅም ትሮጣለች ትጫወታለች፣ እና ሁሉም ሰው ስታድግ ይተዋታል እያለኝ ቆየ፣ ያሳየናት ቦታም ቫይታሚን ሰጥተው ነው የመለሱን። አሁን ራጅ ስትነሳ ግራ ዳሌዋ ከተወለደች ጀምሮ ከቦታው የወጣ ነው አሉን። ኦፕራሲዮን ሲሰራ ከጭኗ አጥንት ትንሽ ተቆርጦ ይወጣል ተባለ፣ እኔ ያልገባኝ ይሄ ነው፣ እግሯ ድሮውንም አጥሮ እያለ ጭራሽ ይቆረጣል እንዴ? ባለቤቴ አልፈርምም ብሏል፣ አማቴ ደግሞ ጎበዝ ወጌሻ አለ ይሉኛል። ግራ ገባኝ።

አቤላ
እህቴ መጀመሪያ ወጌሻውን ሞክሪ፣ ምን ትጎጃለሽ? የኔን ትከሻ የመለሰልኝ ወጌሻ ነው።

ፊዚዮ ሀዋሳ
አቤላ ወንድሜ ያንተ ትከሻ ወድቀህ የወለቀ ነው፣ የሷ ግን ገብቶ አያውቅም። የዳሌው ጉድጓድ የሚጠልቀው የጭኑ አጥንት ክብ ራስ ውስጡ እየተሽከረከረ ሲያድግ ነው፣ እሱ ስለሌለበት ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቶ በስብና በጅማት ተሞልቷል፣ ሰው ጎትቶ የሚያስገባበት ቦታ የለም። ደግሞ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ እግር እስከማጣት የደረሰ ልጅ ስንቱን አይተናል። በፈጠረሽ እንዳታስነኪያት።

ዶ/ር የአጥንት ሬዚደንት
የሜሪ እናት ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አባትየውም ይሄን ያንብብ። እግሯ ያጠረው አጥንቱ ስላነሰ ሳይሆን የጭኑ ራስ ወደ ላይ ስለወጣ ነው። በነዚህ ዓመታት በዙሪያው ያለው ጡንቻ አብሮ አጥሯል። አሁን እንዳለ በግድ ወደ ታች ተስቦ ቢገባ ጡንቻው የጭኑን ራስ ጉድጓዱ ላይ ይጨፈልቀዋል፣ ደም ይቋረጥበትና አጥንቱ ይሞታል፣ ወይ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከጭኑ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀነስና ራሱ ሳይጨነቅ ይገባል። ቦታው ሲመለስ እግሩ ስለሚወርድ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠባል፣ የልጅ አጥንት ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ትንሽ ፈጠን ብሎ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የዳሌው አጥንትም ተቆርጦ ይዞራል፣ ለጭኑ ራስ ጣራ እንዲሆነው።

እስከ 6 ወር ቢታወቅ ብዙ ጊዜ በማሰሪያ ብቻ ይመለስ ነበር፣ ከዛ በኋላ እስከ 18 ወር ገደማ ብዙዎቹ በማደንዘዣ ተመልሰው ጀሶ ይደረግላቸዋል፣ በሷ ዕድሜ ግን ኦፕራሲዮን ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ እስከ 8 ዓመት አካባቢ ይሰራል፣ በሁለቱም ከሆነ ግን ከ6 ካለፈ ብዙ ሐኪም ባይነካ ይመርጣል ምክንያቱም ሁለቱም ወጥተው እኩል ሲሆኑ ልጁ ሳያመው ብዙ ዓመት ሊሄድ ይችላል። የሷ አንድ ጎን ስለሆነ ዝም ከተባለ ጉልበቷና ወገቧም ይጎዳል። በየዓመቱ እየከበደ ስለሚሄድ አታቆዩ።

እሙ ሀያት (ዱባይ)
አይዞሽ የኔ እህት የኔዋም 3 ዓመት አልፏት ነው የተሰራችው አልሀምዱሊላህ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች ትንሽ ማንከስ ግን ቀርቷታል ልዋሽሽ አልችልም። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ እኔን የፈተነኝ ጀሶው ነው፣ ከደረት ስር ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት እግሯ ተከፍቶ፣ ከወር በላይ። ዳይፐር መመለሷ አይቀርም፣ ትንሹን በጀሶው ቀዳዳ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሸጉጪው ከዛ በላዩ ትልቅ አድርጊ፣ ሽንት ጀሶው ውስጥ ከገባ ሽታውም ቁስሉም መከራ ነው። ሁለቱን እግር የሚያያይዘውን እንጨት ይዛችሁ እንዳታነሷት ይሰበራል። ሲያሳክካት እስክሪብቶ ምናምን እንዳታስገቢ። የእግር ጣቷን በየጊዜው እዪ፣ ከቀዘቀዘ ወይ ከጠቆረ ሮጠሽ ሆስፒታል። ሚኒባስ ደግሞ አትገባም እግሯ አይበቃም፣ ከሆስፒታል ስትወጡ ኮንትራት መኪና ያዙ።

ፊዚዮ ሀዋሳ
ጀሶው ሲወጣ ጉልበቷም ዳሌዋም ድርቅ ብሎ ነው የምታገኙት፣ አትደንግጡ፣ ፊዚዮቴራፒ እንዳታቋርጡ። ክትትሉም አድጋ እስክትጨርስ ነው።

የሜሪ እናት (ደሴ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዶክተር የጻፍከውን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማና ስንት ብር ነው አለ 😅

ዶ/ር የአጥንት ሬዚደንት
አዲስ አበባ ኪዩር ሆስፒታል የህፃናትን የአጥንት ኦፕራሲዮን በነፃ ነው የሚሰራው፣ ጥቁር አንበሳም አለ። ወረፋ ይኖራል፣ ሪፈሩን አሁኑኑ አጽፉ፣ የራጅ ፊልሙንም ይዛችሁ ሂዱ። ሌላ ልጅ አለሽ?

የሜሪ እናት (ደሴ)
3 ወር የሆናት ታናሽ አለቻት።

ዶ/ር የአጥንት ሬዚደንት
በዚሁ ሳምንት የዳሌ አልትራሳውንድ አሰሪላት፣ በቤተሰብ ይሄዳል፣ በሴት ልጅ ደግሞ ይበዛል። በዚህ ዕድሜ ራጅ በደንብ አያሳይም፣ ራጅ እናንሳት ካሉሽ አልትራሳውንድ በያቸው። እግሯንም አጋጥመሽ አጥብቀሽ አትጠቅልያት፣ ማዘሉ ግን ጥሩ ነው፣ እግሯ ስለሚከፈት።