ለአየር ንብረት ለውጥ የተግባር ትምህርት፦ ትንሿን ብር የት ላይ እናውላት?

የጂኦግራፊ መምህርት (ፒያሳ)
ሰላም መምህራን። ትምህርት ቤታችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ፣ ቤተ ሙከራው የሚሠራ ቴርሞሜትር እንኳ የለውም። ከወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) እና ከቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ ልንጠይቅ ነው። ምን ብንገዛ ይሻላል? ግዥው ተጓትቶ ዓመቱ እንዳያልቅብንስ? በሁለት ጠርሙስ የሚሠራውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙከራ ልናስቀድም አስበን ነበር፤ አንዱ ጋዙን፣ ሌላው ተራ አየር ይዞ ብርሃን ሲበራባቸው የትኛው ይበልጥ እንደሚሞቅ የሚታይበትን ማለቴ ነው።

ፊዚክስ፣ አራት ኪሎ
የጠርሙሱን ሙከራ ይተዉት። ጋዙ ያለበት ጠርሙስ ይበልጥ መሞቁ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከላዩ ካለው አየር ጋር ቶሎ አለመቀላቀሉ ነው። አርጎን የተባለውን ሌላ ከባድ ጋዝ ቢሞሉበትም ይሞቃል፤ አርጎን ደግሞ የሙቀት ጨረር አይመጥም። ትክክለኛ ውጤት በተሳሳተ ምክንያት ማስተማር ተማሪውን መበደል ነው።

ብሩን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ላይ ያውሉት። በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር) የሚለካውን ይምረጡ፤ ርካሾቹ ሌሎች ጋዞችን ለክተው የሚገምቱ ስለሆኑ ሽቶ ሲነፋ እንኳ ቁጥራቸው ያሻቅባል። እንደኛ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የሚብስ አንድ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከ1,013 ሄክቶፓስካል ወደ 770 አካባቢ ይወርዳል። መለኪያው የሚያየው በጨረሩ መንገድ ላይ ያሉትን ሞለኪዩሎች ነውና፣ ከፍታው ካልተሞላለት ደጅ ያለውን ከ420 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪዩል 420) በላይ የሆነ መጠን 320 ገደማ አድርጎ ያሳያል። ኤስሲዲ41 የሚባለው ሴንሰር ከፍታ ይቀበላል። ራሱን እንዲያስተካክል ቢያንስ በሳምንት አንዴ ደጅ ያውጡት፤ ሁልጊዜ ሰው በሞላበት ክፍል ከዋለ መነሻው ይዛባል። መስኮት ዘግተው 20 ደቂቃ ያስተምሩ፣ ከዚያ ይክፈቱ፤ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ 60ውም ያየዋል።

ባዮሎጂ፣ ልደታ
ለጎርፍና ለአፈር መሸርሸር ሙከራ ምንም አይግዙ። ሦስት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎናቸው ያስተኙና ከላይ ያለውን ጎን ቆርጠው ያንሱ። አንዱ ባዶ አፈር፣ አንዱ በጭድ የተሸፈነ፣ አንዱ ሣር ከነሥሩ። ሁሉም ከኋላ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ይበሉ፤ 1 ሊትር ውሃ በተበሳ ክዳን ያዝንቡባቸውና በአፋቸው የሚወጣውን ይለኩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አፈሩን ከአፉ በታች በመሙላት ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው ውስጥ ይቋጥርና ልዩነቱ ይጠፋል። አፈሩን ከአንድ ቀን በፊት እኩል አርጥቡት።

የግዥና ንብረት ባለሙያ
«ለቤተ ሙከራ ድጋፍ» ብለው አይጠይቁ፤ የአንድ ምዕራፍ የእቃ ዝርዝር ከነብዛቱ ያቅርቡና በወተመህ ቃለ ጉባኤ ያስይዙ። ከቀድሞ ተማሪዎች ቢቻል እቃውን በዓይነት ይቀበሉ፤ ፕሮፎርማ (ከሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ማሰባሰብ ይቀርና በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ማድረጊያ ቅጹ፣ ገቢ ይሆናል። ከትምህርት ቤቱ በጀት ከሆነ ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄዎ ግንቦት ላይ እቅድ ውስጥ ይግባ። ባትሪና የመሳሰሉትን አላቂ እቃዎች ለብቻ ያስይዙ፤ በሁለተኛው ዓመት ሥራው የሚቆመው በእነሱ ነው። እቃው እንደገባ ደግሞ በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጹ፣ ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ወጪ ይደረግ፤ አለበለዚያ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ይከርማል።

የጂኦግራፊ መምህርት (ፒያሳ)
እግዜር ይስጥልኝ። ሴንሰሩ ቁጥሩን በራሱ ያሳያል?

ፊዚክስ፣ አራት ኪሎ
አያሳይም። አርዱዊኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና ትንሽ ስክሪን አብረው ዝርዝሩ ላይ ያስገቡ። ከፍታውን በኮዱ ውስጥ ይጻፉት።